ላስቲኩ ያልተላጠው የሰይድ ብስክሌት

ሥራ ያቆምኩት ትከሻዬ እምቢ ስላለኝ ነው። ሰው «እንድሪስን ባጃጅ ከገበያ አስወጣው» ይላል፤ ውሸት ነው። ሸዋ ሮቢት በባጃጅ ተሞልታም ብስክሌት የሚያሠራ ሰው አላጣሁም ነበር። ቀኝ ክንዴ ከደረቴ በላይ አልነሣ አለ፣ መፍቻ መጨበጥ አቃተኝ፣ ሱቄን ዘጋሁ። ይኸው ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ መጻፍ አይሆንልኝም። አሁን ያስጻፈኝ ንዴት ነው።

ያናደደኝ ሰይድ ነው። ሰይድ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ሽንኩርትና ማሾ ያመርታል፤ እርሻው ከሮቢ ወንዝ ማዶ ነው። ባለፈው በጋ «እጄ ሞተ፣ አረጀሁ፣ እርሻውን አርሶ ምርቱን እንዲያካፍለኝ ለአማቼ ለጀማል በእኩል ልሰጠው ነው» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ወደ እርሻው የሚወስደው የቦይ ዳር መንገድ ባጃጅ አያሳልፍም። በእግሩ እንዳይሄድ ጉልበቱ አይችልም። የቀረው ብስክሌት ነው፤ ብስክሌት ሲነዳ ደግሞ እጁ ይደነዝዛል። ሰዉም ከንፈሩን መጦ «እንግዲህ ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለው።

ዕድሜ አይደለም! የመሪው አንገት ነው! አንገት የምለው መሪውን ይዞ ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያያይዘውን ብረት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስጮህ የኖርኩት ስለዚህ ብረት ነው፤ የሰማኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። ጫማ ሲጠበው ለሻጩ የሚመልስ ሰው፣ ሱሪ ሲረዝምበት ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚሮጥ ሰው፣ መሪው ሲርቀው ግን ክንዱን ሊያስረዝም ይሞክራል። ወገቡ ሲቆረጥ፣ አንገቱ ሲደርቅ፣ «ብስክሌት እንዲህ ነው» ይላል። ማን ነው እንዲህ ነው ያለህ?

ሰይድ ዘንድ ከመመለሴ በፊት ይህን ነገር ከማን እንደተማርኩት ልናገር።

ያስተማረኝ ጋሼ ወርቁ ነው። ካራቆሬ ላይ ብስክሌት ያከራይ፣ ያድስም ነበር። መጀመሪያ ለሥራ የተቀበለኝ ዕለት አንዱን ብስክሌት አቁሞ «መሪ ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ለመጠምዘዝ ነዋ» አልኩት።

«መጠምዘዙንማ ወገብህም ይጠመዝዝልሃል። እጅ ለቀው የሚነዱትን ጎረምሶች አላየህም? መሪ ሰው የሚደገፍበት ግድግዳ ነው። ግድግዳው ከራቀ ትዘረጋለህ፣ ከቀረበ ትታፈናለህ። እንደዚህ አስበው።»

ጋሼ ወርቁ ልማዱ ብዙ ነበር። ሰላም ብሎ የጨበጠውን እጅ ቶሎ አይለቅም፤ ገልብጦ መዳፉን ያያል። ከትንሿ ጣት በታች የደነደነ ሥጋ ካየ «መሪህ ዝቅ ብሏል፣ ሸክምህን በእጅህ ተሸክመህ ነው የምትሄደው» ይላል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ከሆነ «መሪህ ሰፍቷል» ይላል። ሰው ጠንቋይ ነው ይለው ነበር። ቀጥሎ ሰውየውን ብስክሌቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እሱ ከኋላ ኮርቻውን ደግፎ ይይዛል። «ዓይንህን ጨፍን። ትከሻህን ጣል። አሁን እጅህን ሳታስብ ዘርጋ።» እጁ አየር ላይ የቆመበት ቦታ፣ መሪው መሆን ያለበት እዚያ ነው። ዓይኑ ከተከፈተ ሰው መሪውን እያየ ይዘረጋል፤ ዓይኑ ሲጨፈን ነው ገላው እውነቱን የሚናገረው።

ሌላ ደግሞ ብሎን ሲያጠብቅ አይናገርም። ዋጋ ብትጠይቀው፣ ቤት ተቃጠለ ብትለው፣ ብሎኑን ሳይጨርስ አይመልስልህም። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሰው እያናገረህ እኮ ነው» ስለው፣ ጨርሶ ሲነሣ «ሰውየው መልስ ባያገኝ ይቀየመኛል፤ ብሎኑ ከላላ ግን ጥርሱ ይረግፋል» አለኝ።

መጀመሪያ ኮርቻ፣ ከዚያ መሪ። ይህንንም ከእሱ ነው የያዝኩት። ኮርቻው አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ሰው ወደፊት ይንሸራተትና ክብደቱ ሁሉ መዳፉ ላይ ያርፋል፤ ያኔ መሪውን ብትቀይር ምን ዋጋ አለው? ኮርቻው ከተስተካከለ በኋላ ወደ አንገቱ ትመጣለህ። የድሮው ብስክሌት አንገት ከላይ አንድ ረጅም ብሎን አለው። እሱን አላልተህ፣ እንጨት አስደግፈህ በመዶሻ ስትመታው ውስጥ ያለው ሽብልቅ ይለቃል፤ አንገቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ብረቱ ላይ የተጫረ ምልክት አለ። ምልክቱ ወጥቶ ከታየህ አልፈሃል፤ መልሰህ ክተተው። ከዚያ ወዲያ ከፍ ካልክ የያዘው ብረት ያንሳል፣ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ መሪው እጅህ ላይ ይቀራል።

ከካራቆሬ የወሰደኝ የመንግሥት እርሻ ነው። እዚሁ ቆላው ውስጥ ነበር፤ የቦይ ጠባቂዎችን ብስክሌት እንድጠግን ቀጠሩኝ። ደመወዙን ተዉት። አለቃችን ግን ሲናገሩት የሚገርም ሰው ነበር። ብስክሌቶቹ ሁሉ ተሰልፈው ሲቆሙ መሪያቸው እኩል እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ሲባጎ ከዳር እስከ ዳር ወጥሮ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ «ያ ሦስተኛው ከፍ ብሏል፣ ዝቅ አድርገው» ይለኛል።

«ጌታዬ፣ ያ የይማም ነው፤ ይማም ወገቡን ያመዋል፣ ማጎንበስ አይችልም» አልኩት።

«እንግዳ ሲመጣ የይማምን ወገብ ሊያይ ነው የሚመጣው?»

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? እንግዳ ሊመጣ ሲል ሁሉንም በሲባጎው ልክ አደርጋለሁ፣ እንግዳው ሲሄድ ለየሰዉ ልክ እመልሳለሁ። ይማም ራሱ «እኔ እኮ እንግዳ በመጣ ቁጥር ነው የምታመመው» እያለ ያስቀን ነበር። እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው ለብስክሌት የተሠራ ይመስል! ከአለቃው ጋር ስንጨቃጨቅ ኖረን በመጨረሻ ለቀቅሁ፤ ሸዋ ሮቢት መጥቼ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ።

በራሴ ሱቅ ደግሞ እኔው ወደቅሁ። ይህን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሁሴን የሚባል ዳቦ አከፋፋይ ነበረ። ዳቦውን ከኋላ በትልቅ የእንጨት ሳጥን ጭኖ ሱቅ ለሱቅ ያዞራል። መዳፉን ያቃጥለው ጀመር፤ መጣ። እኔም በተማርኩት መሠረት አስቀመጥኩት፣ ዓይኑን አስጨፈንኩት፣ እጁን አዘረጋሁት። ወደ ኋላ የታጠፈ ቀንድ የመሰለ መሪና አጭር፣ ከፍ ያለ አንገት ገጠምኩለት። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ንጉሥ መሰለ። «እንድሪስ፣ ወላሂ፣ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ» አለኝ። እኔም ኮራሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሳጥኑን ሞልቶ የድልድዩን ዳገት ሲወጣ የፊት ጎማው ተነሣ። ሰውየው ወደ ኋላ ቀርቧል፣ ዳቦው ከኋላ ነው፣ ከፊት የሚጫን ምንም ነገር የለም። በጀርባው ወደቀ፣ ሳጥኑ ላዩ ላይ ወደቀ፣ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ዳቦው ጭቃ ላይ ተዘራ። ወጌሻ ቢያሽለትም እጁ እንደ በፊቱ አልሆነም፤ ብስክሌት ዳግመኛ አልነካም። ከተማውም ለቀልድ አልሰነፈም፤ «እንድሪስ ዘንድ አትሂዱ፣ አንግሦ ይጥላችኋል» ይባል ነበር።

ብስክሌቱን በሚኒባስ ጣራ ላይ ጭኜ ካራቆሬ ጋሼ ወርቁ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ዞሮ ዞሮ አየው። መሪውን ነካ፣ አንገቱን ነካ።

«ሥራው ጥሩ ነው» አለ። «ስትለካው ዳቦው የት ነበር?»

«ዳቦማ ዳቦ ቤት ነው የነበረው። ሳጥኑ ባዶ ነበር።»

«እንግዲያው የለካኸው ሁሴንን ነው። ዳቦ አከፋፋዩን አልለካኸውም።»

ይህን ብሎ ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰውን ከነጭነቱ ካልሆነ አልለካሁም። ሽንኩርት የሚጭን ሽንኩርቱን፣ ጀሪካን የሚጭን ጀሪካኑን ይዞ ይምጣ። «ብስክሌት ለማስተካከል ጆንያ ተሸክሜ ልምጣ እንዴ?» የሚሉ ነበሩ። አዎ፣ ተሸክመህ ና! ካልፈለግህ ሌላ ጋ ሂድ!

ሌላ ጋ ደግሞ ምን እንዳለ አይቻለሁ። ቀጭን መሪ ወፍራም አንገት ውስጥ ሲገባ አይይዝም፤ ይዞራል። ዛሬ የጣሳ ቆርቆሮ ጠቅልለው ያጠብቡታል። ሲያዩት ጠብቋል። ፍሬን በኃይል የተያዘ ዕለት ግን መሪው ተገልብጦ ሰውየው በአፍንጫው መሬት ላይ ይተከላል። ይህን የሚያደርግ ሰው «አስተካከልኩልህ» ብሎ ገንዘብ ይቀበላል። አያሳፍርም?

እንግዲህ ወደ ሰይድ።

የሰይድ ልጅ ዘሀራ ዓረብ አገር ነው የምትሠራው። በሰው አስይዛ ብስክሌት ላከችለት። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያምር። ሰይድ እየገፋ ቤቴ ድረስ ይዞት መጣ፤ ላስቲኩ እንዳለ ነው። አካሉ ላይ ላስቲክ፣ ኮርቻው ላይ ላስቲክ፣ የመሪው መያዣ ላይ ሳይቀር ላስቲክ። የእኛ ሰው አዲስ ዕቃ አይጠቀምም፤ ይሸሽጋል። ሶፋው ላስቲክ እንደለበሰ ያረጃል፣ የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁጥሩ አይታይም። ይሁን፣ ሶፋ ሰው አያሳምምም። ግን በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላስቲክ የለበሰ መሪ ያዙ እስቲ! እጅህ ያልበዋል፣ ላስቲኩ ያሟልጫል፣ እንዳይሟልጥህ አጥብቀህ ትጨብጣለህ፣ እጅህ ይደነዝዛል።

አንገቱማ አይነሣ። ረጅም ነው፣ ወደፊት ሄዶ ሄዶ ወደ ታች ያቀረቅራል። ውድድር ለሚወዳደር ጎረምሳ የተሠራ ነው። ሰይድ ላዩ ላይ ሲወጣ ውሃ ሊጠጣ የጎነበሰ ግመል ነው የመሰለኝ።

«ሁለቱ ጣቶቼ ሄዱ» አለኝ፤ ትንሿንና አጠገቧ ያለችውን አሳየኝ። «ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ማታ ማታ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል።»

«ይህን አንገት ልገልብጥልህ። ሲገለበጥ ወደ ላይ ያያል። ካልበቃ አጭር አለኝ።»

«አይነካም!» አለ። «ኦርጅናል ነው።»

«እጅህስ? እጅህ ኦርጅናል አይደለም?»

«እጄን አላህ ነው የሰጠኝ።»

«እና አላህ የሰጠህ ይበላሽና ፋብሪካ የሰጠህ ይዳን?»

ተቆጣ። «አንተ ሁልጊዜ ነገር ታጣምማለህ! ልጄ ላቧን አንጠፍጥፋ የላከችውን ዕቃ አንተ ልትፈታታው? ነገ ብትመጣ ምን አድርገኸው ነው ብትለኝ ምን ልላት ነው?» ብሎ እየገፋ ሄደ። እየነዳ እንኳ አይደለም፤ እየገፋ!

በዚሁ ከረመ። መስጊድ ስንገናኝ እነግረዋለሁ፣ ገበያ ስንገናኝ እነግረዋለሁ፣ ይሸሸኛል። ሽንኩርቱ ውሃ ተጠማ። አንድ ዓርብ ከስግደት ስንወጣ ጀማል አገኘኝ። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ባጃጅ ይነዳል። «ጋሼ እንድሪስ፣ አንቱም ይምጡ፣ ነገ የእኩሉን ነገር በሽማግሌ ፊት እንጨርሳለን። አባባ ይረፉ፣ ደክመዋል» አለኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። እርሻ የለቀቀ ገበሬ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ በር ላይ ተቀምጦ መንገድ ያያል፣ ዓመት ሳይሞላው ይቀበራል። ሰይድ በአንዲት ብረት ምክንያት ሊቀበር ነው? ብዬ ተናደድኩ። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ፣ ሽቦ ላይ ከሰቀልኳቸው አሮጌ አንገቶች መሀል የመሪውን ውፍረት የሚያህል አፍ ያለው አንድ አጭር መርጬ፣ መፍቻ ኪሴ ከትቼ ወደ ሰይድ ቤት ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ምርቃቱ ብቻ ነው የቀረው። የሰይድ ስልክ ጮኸ። ዘሀራ ናት፣ በምስል። ስልኩን ዙሪያውን አስዙራ፣ ሁላችንንም ሰላም ብላ፣ «አባ፣ ብስክሌቱ እንዴት ነው? ተመቸህ?» አለችው።

«ትራስ ነው ልጄ!» አለ። «ትራስ ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ!»

አልቻልኩም። «ውሸቱን ነው!» ብዬ ተነሣሁ። «ዘሀራ፣ አባትሽ ውሸታም ሆኗል! እጁ ደንዝዞ እርሻውን ሊለቅ ነው የተሰበሰብነው! አንገቱን ላስተካክል ስለው የልጄ ዕቃ አይነካም ይለኛል!»

«እንድሪስ!» አለ ሰይድ።

«ምን እንድሪስ! ሲዋሽ ዝም ልበል?»

ዘሀራ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። «አባ፣ እጅህን አሳየኝ» አለች። አሳያት። «ጨብጠው።» ሁለቱ ጣቶች አልታዘዙትም። ያኔ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰች ደግሞ ትስቃለች።

«ሻጩ የአባትሽ ቁመት ስንት ነው አለኝ። እኔ ምን አውቄ! በዓይኔ የመጣብኝ ትከሻህ ላይ አድርገህ ወንዝ ስታሻግረኝ ነው። በጣም ረጅም ነው አልኩት። ትልቁን ሰጠኝ» አለች። ቀጥላ «ጋሼ እንድሪስ፣ የፈለጉትን ያድርጉት። ይቁረጡት። ለማየት አይደለም የላክሁለት» አለችኝ።

ሰይድ ስልኩን አስቀመጠ። ወጣ፣ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደገፈ፣ የመሪውን ላስቲክ በጥፍሩ ይልጥ ጀመር። ጣቶቹ እምቢ ሲሉት በጥርሱ ሳበው።

እኔ ክንዴ አይነሣ። «ጀማል፣ ና መፍቻውን ያዝ» አልኩት። ጀማል አማቱን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ እርሻውን ያሰበ ይመስለኛል፤ ቢሆንም መጣ። መጀመሪያ ሰይድ ለእርሻው የውሃ ሞተር ነዳጅ የሚያመላልስበትን ጀሪካን ውሃ አስሞልቼ ከኋላ አስጫንኩ፣ አካፋውንም አሳሰርኩ። ኮርቻውን አየሁ፤ አፍንጫው አዘንብሏል፣ አቃናነው። ሰይድን አወጣነው። «ዓይንህን ጨፍን፣ ትከሻህን ጣል፣ እጅህን ዘርጋ» አልኩት። እጁ የቆመው ከመሪው አንድ ስንዝር ቀርቦ፣ ከፍ ብሎም ነው። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው አዩ። «ይኸው!» አልኩ። «ይህች ስንዝር ናት አረጀሁ የምታሰኘው!»

ረጅሙን አንገት አወጣን፣ አጭሩን አፉ ወደ ላይ እንዲያይ አድርገን አስገባን። ጀማል አንዱን ብሎን አጥብቆ ሊጨርስ ሲል ጮህኩበት። «ቀስ! ይህን ትንሽ፣ ያንን ትንሽ፣ እያፈራረቅህ! በአንድ ወገን ከጨረስከው ይሰነጠቃል!» የፍሬኑን መያዣ ከክንዱ ጋር ቀጥ እንዲል አዘነበልነው። መሪውን ግራ ቀኝ እስከ ጥጉ አዞርኩት፤ ሽቦው አልተወጠረም። የፊት ጎማውን በጉልበቴ መሀል ይዤ መሪውን ታገልኩት፤ አልተነቃነቀም። ዳገት ይሞክር ብዬ በጓሮው በኩል ከነጭነቱ አስወጣሁት፤ የፊት ጎማው መሬት እንደነከሰ ነው።

ሰይድ በዚያው ሄደ። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው ጠበቁት፣ አልተመለሰም። ጀማል ለየሰዉ ሻይ ቀዳ፤ ቆይተው ተበተኑ። ስለ እኩሉ ያነሣ ሰው የለም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ፤ መንኳኳት ሳይሆን ተደበደበ። ከፈትኩ። ሰይድ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ ፊቱ በቁጣ ቀልቷል።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ፤ «ይህን ያህል ቀላል ነገር ከነበረ፣ ስንት ወር ሙሉ ስሠቃይ እያየህ እንዴት አትነግረኝም?»